ገመድ ያልታሰረበት ጆንያ

ጆንያዎቹ ሦስት መሆን ነበረባቸው። ሁለት ናቸው።

ግንበኛው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሥራ ዕቃውን ቧንቧው ስር እያጠበ ነበር። መዶሻውን፣ ቱንቢውንና ባልዲውን ግድግዳው ስር ደረደረ። ጆንያዎቹን አራግፎ እንደገና ቆጠረ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ጆንያ የት እንዳለ ትዝ አለው።

ተራራው ላይ ባለው ቤት፣ የጭስ መውጫው ጉሮሮ ውስጥ ነው።

የጭስ መውጫ ሲጠገን ሲሚንቶና የጡብ ስባሪ ወደ ምድጃው እንዳይወርድ ጉሮሮው በጆንያ ይወተፋል። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውት ነበር። ጆንያው ላይ ገመድ እሰር፣ ጫፉንም በምድጃው አፍ አንጠልጥለው፣ እሳት ሊያነድ የሚጎነበስ ሰው ሁሉ ፊቱን ይንካው ብለውት ነበር። በስድስት ዓመት ሥራው ሳያስር ቀርቶ አያውቅም። ሐሙስ ዕለት ግን ገመዱን ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት።

ልብስ ሰፊዋ የቤቱ ባለቤት የሆኑት አሮጊት የልጅ ልጅ ናት። ቤተ ዘመዱ የበዓሉን ሦስት ቀን ተራራው ላይ አብሮ ሊያሳልፍ ስለሆነ፣ ለወራት ተዘግቶ የከረመውን ቤት ለማጽዳት ከአያቷ ጋር ቀድማ ወጥታ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲሠራ ከታች ጠርታ ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው።

«አይቸገሩ» አላት፣ ወደ ታች ሳያይ።

«እርስዎ አትበለኝ እንጂ። ከዚያ ላይ ስታየኝ አሮጊት እመስላለሁ?»

ባልዲው ከእጁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም። ወርዶ ሻዩን ሲጠጣ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። አሥራ ሁለት ሴቶች በሚሠሩበት የስፌት ቤት የሸሚዝ አንገት የምትሰፋ እሷ እንደሆነችና ሰውን ከመልኩ ይልቅ በኮሌታው እንደምታስታውስ ነገረችው። ከዚያ የእሱን ኮሌታ ትኩር ብላ አየች።

«ይኼን ማን ነው የሰፋልህ?»

«እኔው ነኝ።»

«ያስታውቃል» አለችና ሳቀች። እሱም ብዙ ጊዜ ባልሳቀው ሳቅ ሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ጆንያውን ወትፎ ገመዱን ሊያስር ሲል በሩ ላይ መጣች። ብርድ ልብሶቹ እርጥበት እርጥበት ይሸታሉ፣ ፀሐይ ላይ የማሰጣበት ገመድ አታጣም አለችው። ገመዱ እጁ ላይ ነበር። ዘረጋላት። ሁለት ዛፎች መካከል ስትወጥረው በመስኮቱ አያት። በኋላ ሌላ አመጣለሁ ብሎ አሰበ፤ አላመጣም። ዓርብ ሥራውን ሲጨርስ «እስከ ሰኞ እዚሁ ነን» አለችውና ዝም ብላ ጠበቀችው። እሱ ደህና ሁኚ ብቻ ብሏት ወረደ። መንገዱን ሁሉ ያሰበው ስለዚያ ዝምታ እንጂ ስለ ጆንያው አልነበረም።

አሁን ስልኩን አወጣ። ሥራውን የሰጠው የልጅቷ አጎት ነበርና ወደ እሱ ደወለ። አይሠራም። እላይ በስልክ ለመነጋገር ከቤቱ ጀርባ ያለው ቋጥኝ ላይ መውጣት እንደሚያስፈልግ ራሷ ነግራዋለች።

እንጨት ቢያነዱ አይጎዱም፣ ጭሱ ወዲያው ቤቱን ሞልቶ እያሳለ ያስወጣቸዋል ሲል ራሱን አጽናና። ወዲያው ግን አሮጊቷ ዓርብ ዕለት ያሉት ትዝ አለው። እንጨቱ ሁሉ በስብሶ ስለነበር አጎትየው ከሰል ይዞ ይመጣል ብለው ነበር።

የፋመ ከሰል አይጨስም። አያስልም። ቀስ አድርጎ ያስተኛል።

ጎረቤቱ የዳቦ አከፋፋይ ነው። ሞተር ብስክሌቱን ለምን እንደፈለገው ግንበኛው አላስረዳም፤ ፊቱን ያየው ጎረቤት ቁልፉን ወረወረለት። መንገዱ ዳገት ነው፣ ከግማሹ በላይ ደግሞ ጉም ወርዶበታል። በየመታጠፊያው ገደሉ የት እንደሚጀምር አይታየውም። የሚፈራው ግን ገደሉን አልነበረም። ጉሙ በቀዘቀዘ ቁጥር እላይ ያለ ሰው እሳት እንደሚያነድ ያውቃል። «ትንሽ ፀሐይ፣ እባክህ» ይላል በሆዱ፣ ማንን እንደሚለምን ሳያውቅ።

ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ጣሪያውን ነው። ጭስ የለም። የአጎትየውም መኪና የለም። ሁሉም ወጥተዋል ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ። ደረጃው ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ግን ሁለት ጥንድ ጫማ አየ። አንዱ ተረከዙ የተረገጠ የአሮጊት ጫማ ነው። ሌላውን ሦስት ቀን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያየው ስለሰነበተ አልተሳሳተም።

አንኳኳ። ተጣራ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መስኮቱ በላብ ተሸፍኗል። ድንጋይ አንስቶ መስታወቱን ሰበረና ገባ።

ቤቱ ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ነበር። ምድጃው ውስጥ ከሰሉ ፍም ሆኖ ቀልቷል። አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ልብስ ሰፊዋ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ናት፣ መርፌ የተሰካበት ጨርቅ ጭኗ ላይ አለ። ዐይኗን በግማሽ ገልጣ አየችው። ወደ እሷ ሊጎነበስ ሲል ጣቷ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ወንበሩ ነበር የጠቆመችው።

ሕይወቱን ሙሉ ያልረሳት ቅጽበት ይህች ናት። እሷን ትቶ አያቷን ተሸከመና በሩን ከፍቶ ወጣ። ከበሩ እስከ ሣሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሲመለስ ግን ዐይኗ ተከድኖ አገኘው። አንስቶ አቅፏት ወጣ። ብርድ ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር አስተኛት፣ ኮሌታዋን አላላ፣ እጇን አሻሸ። ተነሺ፣ እባክሽ ተነሺ እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

መጀመሪያ እሷን አሳላት። ቆይቶ፣ እጅግ ቆይቶ፣ አሮጊቷ ዐይናቸውን ገለጡና «ጫማዬስ?» አሉ።

አጎትየው ለሚስቱና ለልጆቹ በቅርብ ያለውን ሐይቅ አሳይቶ ሲመለስ ሦስቱም ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቀልዱ የማያልቅ። የሆነውን ሲሰማ ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋው። ግንበኛውን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሳመው። በምን አጋጣሚ መጣህልን ብሎ ጠየቀ።

«ገመዱን ሊወስድ መጥቶ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በደከመ ድምፅ፣ ትንሽ እያፈረች። እንዲያ መሆኑን ደስ እያላት አምናለች።

ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀረበለት። አንድ ጊዜ አንገቱን ቢነቀንቅ ይበቃል።

«ለገመድ አልመጣሁም» አለ። «ጭስ መውጫው ውስጥ ጆንያ ረስቻለሁ። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

የአጎትየው እጅ ከትከሻው ላይ ወረደ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ሁለቱን ከቤተሰቡ ጋር መኪናው ውስጥ አስገብቶ ወደ ሐኪም ከመውረዱ በፊት፣ ከእንግዲህ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ አለው። ልብስ ሰፊዋ በመኪናው መስኮት አንድ ጊዜ አየችው። አስተያየቷ ምን እንደሚል አልገባውም።

ብቻውን ሲቀር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጆንያውን አወጣ፣ የተሰበረውን መስታወት ለቀመ፣ መስኮቱን በጣውላ ዘጋ። ገመዱን አልነካውም።

እሑድ ከሰዓት የአጎትየው መኪና ግንበኛው ቤት ደጃፍ ቆመ። ፖሊስ ይዞብኝ መጣ ብሎ እያሰበ ወጣ። አጎትየው ሰላም ሳይለው «እናቴ ትፈልግሃለች፣ ግባ» አለው። ወደ ተራራው ወጡ።

አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ምድጃው ባዶ ነው፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ ዙሪያውን ቆሟል።

«ሐኪሙ ለቀቀን፣ እነዚህ ግን ክብሪት አናስነካም ብለው በብርድ ሊገድሉኝ ነው» አሉት። «የዘጋኸው አንተ ነህ ልጄ። አንተው አንድድልኝ።»

ተንበረከከና ጭንቅላቱን ምድጃው ውስጥ አስገብቶ ወደ ላይ አየ። እጅግ ሩቅ፣ መሐረብ የምታክል ሰማይ ታየችው። አንደኛው ክብሪት እጁ ላይ ጠፋ። ሁለተኛውም ጠፋ። ሦስተኛውን ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ተንበርክካ በመዳፏ ከለለችለት። ከታች ያመጡት ደረቅ እንጨት ተያያዘ። ጭሱ ትንሽ አመነታና ወደ ላይ ተሳበ። ውጭ የቆመው አጎትየው ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ ተመለሰ፣ ወጥቷል ብሎ ፈቀቅ ብሎ ተቀመጠ። ካፖርቱን ግን አላወለቀም።

«ትናንት ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር» አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«እኔ አውቀው ነበር።»

«ፈርተህ ነበር?»

«አሁንም እንደፈራሁ ነው።»

«እሳቱ እኮ ደህና እየነደደ ነው።»

እሳቱ ላይ አንድ እንጨት ጨመረ። ዓርብ ዕለት ዝም ብላ የጠበቀችበትን ጊዜ አሰበ። «ሰኞ ትወርዳላችሁ» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ የት እንደማገኝሽ አላውቅም።»

ኮሌታውን በጣቷ ያዝ አድርጋ ስፌቱን መረመረችና፣ የስፌት ቤቷ በር ሰማያዊ መሆኑን፣ በአሥራ አንድ ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ይህን ሸሚዝ ይዞ ቢመጣ ፈትታ እንደምትሰፋለት ነገረችው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ቤተ ዘመዱ እዚያው ቤት ለበዓል ሲሰበሰብ የጭስ መውጫው አናት እንደገና ተሰንጥቆ አገኙት። ግንበኛው ጣሪያው ላይ ወጣ። አጎትየው ከታች ሆኖ ጆንያህን ቁጠር እያለ ያበሽቀዋል፤ ልጆቹም ይስቃሉ። አሮጌው ገመድ እንደተወጠረ በዛፎቹ መካከል አለ፣ ማንም አልፈታውም። ጆንያው ላይ የታሰረው አዲሱ ገመድ በጭስ መውጫው ወርዶ በምድጃው አፍ ሲወጣ ግን አየር ላይ አልተንጠለጠለም። ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጫፉን እጇ ላይ ጠምጥማ ተቀምጣለች፣ እሱ ከጣሪያው እስኪወርድ አትለቀውም።