በአድማሴ ካፖርት

የአድማሴ ትከሻ ነገር ሲነሳ እስካሁን ደሜ ይፈላል። እግሩ ተቆርጦ በክራንች ቢመጣ ኖሮ ሁሉም ያምነው ነበር። የእሱ ጉዳት ግን ሸሚዝ ይሸፍነዋል። ኮንጎ ዘምቶ ሳለ የተሳፈሩበት መኪና ተገለበጠና ቀኝ ትከሻው ወለቀ፤ የመለሰለት ሰውም አጣሞ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ከደረቱ በላይ ማንሳት አይችልም። ቆሞ ሲያዩት ግን ሙሉ ሰው ነው፣ ያውም መልከ መልካም።

የተዋወቅነው ወንዛዬ ፍል ውሃ ነው፣ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ። እናቴ ወገቧን እያመማት ላስጠምቃት ይዣት ሄጄ ነበር። አድማሴ ከወንዶቹ በኩል ታጥቦ ወጥቶ ጋቢውን ለመልበስ ይታገላል። በግራ እጁ ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ጋቢው ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ እንደገና ይሞክራል። ሰው ሁሉ እያየ ያልፋል። ተናደድሁ። ሄጄ ጋቢውን አነሳሁና ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት።

«ማን አዘዘሽ?» አለኝ ፊቱን አጥቁሮ።

«ማንም። ብርድ ሲመታህ ቆሜ ላይህ ኖሯል?»

ትክ ብሎ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን መስበር ሲገባኝ አልሰበርሁም። በመጨረሻ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። የቁሐር ሚካኤሉ ጭቃ ሹም የያየህ ልጅ፣ ደብረወርቅ፣ አልሁት። ሳቀ። የአባቱ መሬት ከእኛ ማሳ ጋር ይዋሰናል፤ እሱ ወታደር ቤት ሲገባ እኔ ገና ጥጃ አግድ ነበር።

ለፋሲካ ሽማግሌ ላከ። አባቴ አልተቆጣም፤ ልጁ ጨዋ፣ ዘሩም ደግ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን አንድ ቃል ጣለ።

«በሬ ጠምዶ ለማያርስ ሰው ልጄን አልሰጥም። ዘንድሮ ሲያርስ ልየው።»

አድማሴ የአካል ጉዳት ጡረታ ጠይቆ ነበር። ጡረታው ከተፈቀደለት አራሽ ይቀጥራል፣ ቤቱም ይቆማል። መርማሪዎቹ ግን የሚመጡት ሰኔ ላይ ነው፤ ማሳው ደግሞ ሰኔን አይጠብቅም።

የመጀመሪያውን ቀን ሸምበቆው ውስጥ ተደብቄ አየሁት። እርፉን በግራው ጨብጦ ጥቂት ሄደ። ጅራፉን ሊያነሳ ሲል ትከሻው ከቦታው ወጣና በጉልበቱ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ ፊቱን አዞረብኝ። ሕመሙን ሳይሆን እኔ ማየቴን ነበር ያልቻለው።

«ካፖርትህን ስጠኝ» አልሁት።

«ምን ልታደርጊ?»

«ላርስ።»

በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ እርፍ ከጨበጠች ግን ነውር ነው፣ የባሏም ስም ይጠፋል። አድማሴ ይህንኑ ነገረኝ። በሬዎቹ ማን እንደሆንሁ አይጠይቁኝም አልሁት። ስቆ ካፖርቱን አወለቀ፤ እጅጌውን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ለውሃ ብዬ እንስራዬን አዝዬ ገና ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ። የወታደር ካፖርቱን ለብሼ፣ ባርኔጣውን ደፍቼ አርሳለሁ። አድማሴ ደግሞ እንስራዬን ወስዶ ይሞላልኛል። ውሃ መቅዳት ለወንድ ነውር ነውና እሱም ሸምበቆ ለሸምበቆ ነበር የሚመጣው። ፀሐይ ሳትወጣ እንለዋወጣለን፤ እኔ ካፖርቱን፣ እሱ እንስራውን። እጄ ተላጠ። መዳፌን በግራ እጁ ይዞ ዝም ይላል። ያን ዝምታ ከብዙ ሰው ንግግር አስበልጬ እወደው ነበር።

አባቴ ከሩቅ አይቶ ኖሮ አንድ ማታ ራት ላይ ኮንጎ ዘማቹ እንደ አባቱ ያርሳል ብሎ አወደሰው። ሳቄን በጉርሻ አፈንሁት።

ሰኔ ላይ መርማሪዎቹ መጡ። ወረታ ገበያው ዳር ድንኳን ተከሉ፤ ሰብሳቢው አንድ ሻምበል ነበር፣ አብሮት አንድ ሐኪም። እኔም ከሚያየው ሕዝብ ጋር ገብቼ ቆምሁ። ሐኪሙ የአድማሴን ክንድ ወደ ላይ ሳበው። አድማሴ ላብ አጠመቀው እንጂ ድምፅ አላወጣም። ሻምበሉ ቁስሉ የት እንዳለ ጠየቀ። ጥይት እንዳልነካው ሲሰማ ይህ ሰው ማስመሰል ያውቅበታል ብሎ ሳቀ። ከዚያ የአገሩ ጭቃ ሹም ይመስክር ተባለ።

አባቴ ተነሣ። የሚድር አባት በባዕድ ፊት የአማቹን ጉድለት አያወራም፤ ደግሞም ያየውን አይቷል።

«ጌታዬ፣ በቁሐር እሱን የሚያህል ገበሬ የለም። መሬቱን ሦስቴ መላልሶ አርሶታል። በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«አገርህ መሰከረብህ» አለው ሻምበሉ።

አድማሴ ወደ እኔ ዞረና በቀስታ ራሱን ነቀነቀ። አትናገሪ ማለቱ ነው። እኔን ከማሳፈር ጡረታውን ሊያጣ ቆርጧል። የእሱ ዝምታ ከሻምበሉ ሳቅ ይልቅ አንገበገበኝ።

«ያረስሁት እኔ ነኝ» አልሁ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ሻምበሉ እስቲ አሳዪን አለ፣ ለጨዋታ። ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ሰው ያርስ ነበር። እርፉን ተቀብዬው ገባሁ። ዳር ደርሼ፣ በሬዎቹን አዙሬ፣ ትልሙን ሳላጣምም ተመለስሁ። ገበያው ጸጥ አለ። አሁን አመኑን ብዬ አሰብሁ።

ሻምበሉ ባርኔጣውን አድርጎ ተነሣ።

«እንግዲያማ ሚስት ካረሰችለት ጡረታ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

ማረሴን በደበቅሁ ጊዜ ትከሻው ደህና ነው አሉ፤ እውነቱን ስናገር ደግሞ ትከሻው አያስፈልገውም አሉ። እስከ ዛሬ ያ ፍርድ ያንገሸግሸኛል። አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ሳያናግረኝ ወጣ። አድማሴ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወደ ማሳው ገባና እጄን ያዘ።

«ደብሬ፣ ነይ ወደ ቤታችን።»

በዚያው ሳምንት ያለ ድግስ፣ ያለ አባቴ ምርቃት ተጋባን።

በማግስቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በሬዎቹን ጠመድሁ። ወደ ወረታ የሚሄደው ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል። አድማሴ ካፖርቱን ይዞ ተከተለኝ።

«ልበሺው እንጂ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ» አልሁት።

ካፖርቱን ማሳው ዳር አስቀመጠው። ከዚያ እንስራዬን አነሣና በደህናው ትከሻው ተሸክሞ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየው፣ በመንገዱ መካከል ወደ ወንዙ ወረደ።