የዶክተር ደቻሳ መስኮት

ዶክተር ደቻሳ ዕድሜውን ሙሉ ባጠናው በሽታ ቢሞት ኖሮ ፖሊስ ባልተጠራም ነበር። አስከሬኑ ጠዋት የተገኘው አምቦ ከሚገኘው ቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል። የበሩ የታችኛው ክፍተት ከኮሪደሩ በኩል በጆንያ ተወትፏል።

ከፍራሹ አጠገብ ያለው ማቀዝቀዣ ከአስር ዓመት በላይ ከእጃጂ እስከ ጊንጪ የሰበሰባቸውን የጉበት ናሙናዎች ይዟል። የሻገተ እህል መርዝ ካንሰርን የሚገታውን ጂን እንዴት እንደሚያበላሽ የሚያጠናው በነሱ ነበር። የመጨረሻው ብልቃጥ ላይ የተጻፈው የራሱ ስም ነው፤ በሽታው እሱንም ይዞት ነበር። መብራት በመጥፋቱ ናሙናዎቹን ያቆያቸው የሥራ ባልደረባው ዶክተር ወንድወሰን ከአዲስ አበባ ያመጣው ደረቅ በረዶ ነው፤ ደቻሳም ከናሙናዎቹ አልለይም ብሎ እዚያው ያድር ነበር።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጉዳዩን ለያዘችው ለኢንስፔክተር ጃለኔ አስረዳት፦ «ደረቅ በረዶ ውሃ አይሆንም፤ ጋዝ ሆኖ ይተናል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል። መውጫ ካጣ ወለል ላይ የተኛውን ሰው አፍኖ ይገድላል።»

መውጫውን የዘጋ ሰው አለ ማለት ነው። ጃለኔ ክፍሉን አሸገች። ናሙናዎቹ አዲስ አበባ ይሂዱ በሚል ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የከረመውን ወንድወሰንንም አሰረችው።

«ጆንያው የእርስዎ ነው?»

«በረዶውን የሸፈንኩበት ነው። ኮሪደር ላይ ትቼው ሄድኩ።»

«ማን ወተፈው?»

ወንድወሰን አቀረቀረ። «እኔ ልታሰር። ክፍሉን ግን ክፈቱት፤ ናሙናዎቹ እንዳይበላሹ በረዶ ልጨምርበት።»

«ማስረጃ ነው፤ አይነካም።»

ቀጥላ የጠየቀችው ረዳት ተመራማሪዋን ሄቨንን ነው።

«መስኮቱን በሽብልቅ ደግፈን ክፍት እንድንተወው ሁልጊዜ ያስጠነቅቁን ነበር» አለች ሄቨን።

«እናንተን ብቻ?»

«አዎ። ቤት ስለ ሥራ አያወሩም፤ ባለቤታቸው አዴ አስካለች እንዳይሰጉባቸው።»

አስካለች፣ የሟቹ ሚስት፣ ጥቁር ለብሳ መጣች።

«እግዜር ያጽናዎት። በዚያ ምሽት አይተዋቸዋል?»

«ሾርባ ይዤለት ሄጄ ነበር። ማስታገሻውን ውጦ ተኝቷል። እንዲያ እንቅልፍ ከወሰደው ስንት ጊዜው! አልቀሰቀስኩትም።» እያለቀሰች ተነሥታ የቢሮውን መስኮት ዘጋች። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ነፋሱ በጀርባሽ ነው የሚገባው። ይመታሻል።»

ጃለኔ የተዘጋውን መስኮት አተኩራ ተመለከተች። ተመልሳ አስከሬኑን አየች፤ በማግስቱም ሦስቱን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድወሰን እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል።

«ገዳይ ነበር የምፈልገው» አለች። «ገዳይ ግን ለሚገድለው ሰው ካልሲ አያጠልቅም። የዶክተሩ ካልሲ ተረከዙ ወደ ላይ ዞሯል፤ ያጠለቀላቸው ሌላ ሰው ነው። ጋቢው ዙሪያውን ተጠቅጥቋል። ሽብልቁም አልተጣለም፤ እንዳይጠፋ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ይህን ያደረገው ሰው ለበሽተኛው ብርድ ፈርቶለታል። ዶክተር ወንድወሰንና ሄቨን በረዶው የሚያደርገውን ያውቃሉ፤ ሊያሞቋቸው ብለው አይዘጉም። የዘጋው ሰው አያውቅም ነበር።»

«ይብቃዎት!» ጮኸ ወንድወሰን። «እኔ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ።»

«ማን እንደዘጋው አውቀው ነው ዝም ያሉት። ግን ንጹሕ ሰው ወህኒ አልከትም።» ካቴናውን ፈታችለት።

ሄቨን የጠባቧን ክፍል እሽግ ቀድዳ፣ ሁሉም ተከትለዋት ሲገቡ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። በረዶው አልቋል። የበሰበሰ ሽታ አፍንጫቸውን መታው፤ ደቻሳ ለዓመታት የደከመበት ሁሉ፣ የራሱ ብልቃጥም ጭምር፣ ተበላሽቷል። ጃለኔ ያሸገችበትን እጇን አየች። አፈረች።

ሄቨን ሽታውን ለማስወጣት መስኮቱን በረገደችው። የክረምቱ ነፋስ ገባ።

አስካለች እንደ ልማዷ ልትዘጋው ተነሣች። እጇ መያዣውን እንደነካ ቀረ። ደፉ ላይ ያለውን ሽብልቅ አየችው፤ ራሷ ነበረች ያስቀመጠችው።

«ብርድ እንዳይመታው ብዬ እኮ ነው...» ወደ ጃለኔ ዞረች። «እኔ ነኝ?»

ወንድወሰን ክንዷን ይዞ ሊያስቀምጣት ሞከረ፤ እሷ ግን ነፋሱ ውስጥ ቆማ ቀረች።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች።