ያልተዘመዘመ ጠርዝ

ሚጣ ፖስታውን በጥድፊያ ከፈተችው። አራት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነው። ጓደኛዋ ከቤተሰቧ ጋር ሩቅ ከተማ ከገባች ወዲህ ሁለቱ የሚጫወቱት በሥዕል ነው፤ አንዷ ካርቶን ላይ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ጨምራበት በፖስታ ትመልሳለች። የአውቶቡስ ትኬት፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የሻይ ቅጠል፣ እጃቸው የገባው ሁሉ ይለጠፋል። ደንቡ አንድ ነው፦ መቀስ አይነካም። ሁሉም በእጅ ይቀደዳል፣ ጠርዙም እንደተቦጫጨቀ ይቀራል።

መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ በኋላ በየወሩ፤ ከዚያ ጓደኛዋ የውሃ ሽታ ሆነች። ሚጣ በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ብቻዋን መቀመጥ ለመደች። ብቸኝነቱ ቢያማትም ለማንም አልተናገረችም።

አሁን የመጣው ካርቶን ላይ ዓይኗ የሸሚዝ ቁልፍ የሆነች ወፍ አለች። ወፏ ዶሮ ትመስላለች። ሚጣ ግን ደስ ብሏት ሳቀች፣ ጣቷንም በካርቶኑ ዳር አሄደች። ዙሪያውን በክር ተዘምዝሟል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዝንፍ የማይል ስፌት።

እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የተተረተረ ጠርዝ ካየ አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ «ና ልስፋልህ» የሚል። ቴምብሩን አየችው፤ ማኅተም አልተመታበትም። ጠዋት «ፖስተኛው ሱቅ ትቶልሽ ሄደ» ብሎ ሲሰጣት ዓይኗን መሸሹ ትዝ አላት።

ተናደደች። ማን ለመነው? ግን ያንን ወፍራም መነጽሩን አድርጎ፣ ለክር እንጂ ለእርሳስ ባልተፈጠረ እጁ ወፍ ሲስል ታያት፤ እንባዋ መጣ። ጓደኛዋ አልጻፈችም። ምናልባትም ከእንግዲህ አትጽፍም።

ምሳ ላይ አባቷ ዳቦውን እየቆረሰ፣ እንደ ዋዛ ጠየቃት።

«እሺ ሚጣዬ፣ ጓደኛሽ ምን ላከች?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ወፍ።»

«ቆንጆ ናት?»

«ዶሮ ትመስላለች።»

አባቷን ሳል ያዘው። ውሃ ጠጣና «ምን ታድርግ፣ ቀስ በቀስ ትለምዳለች» አለ።

በማግስቱ ሚጣ ከሱቁ ወለል ቁርጥራጭ ጨርቅና ያረጀ የሜትር ቁራጭ ለቀመች። ጨርቁን በእጇ እየቀደደች አዲስ ካርቶን ላይ ለጠፈችው፤ የሚንጠለጠለውን ክርም እንዳለ ተወችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ፖስታ ቤት ጎራ አለች። ሠራተኛዋ አድራሻውን አንብባ ከመነጽሯ በላይ አየቻት።

«ይሄ እኮ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። በእግርሽ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ፤ «ማኅተሙን ግን በደንብ ይምቱልኝ።»

ከካርቶኑ ጀርባ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «አባዬ፣ ተራው ያንተ ነው፤ ጠርዙን ግን እንዳትዘመዝመው።»