ሁለተኛው ጆሮ

በሳብራት መንግሥት፣ በንግሥት ወርቄላ ዘመን፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ በአንጋር ከተማ በር ላይ የተሰቀለው ጥንታዊ ጎራዴ ማንም ሳይነካው ጮኸ። ድምፁ እንደ ደወል ነበር። ገበያተኛው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ጎራዴው ከወገቡ ተሰነጠቀ፤ ግማሹ በሰንሰለቱ ላይ እየተወዛወዘ ቀረ፣ ግማሹ ከድንጋዩ ንጣፍ ላይ ወደቀ።

ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው «ሐሩማት ሊነሡ ነው» አሉ።

ሐሩማት በሰሜን፣ ከሞተው የእሳት ተራራ ሥር የሚወጡ የአመድ አውሬዎች ናቸው። ቁመታቸው የበሬ፣ ትንፋሻቸው የእቶን ነው። ተራ ብረት ገላቸውን ሲነካ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። የሚቆርጣቸው ሰማያዊ ብረት የሚባለው ብቻ ነበር። በግዛቱ የቀረው የመጨረሻው ሰማያዊ ብረት ደግሞ ያ የተሰነጠቀው ጎራዴ ነው። አሠራሩን የሚያውቅም አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ልጁ በጦርነት ከሞተበት ወዲህ ከሰው ተለይቶ ከአመዱ ሜዳ ማዶ የሚኖር አባ ሙርዜ የተባለ ቀጥቃጭ።

ንግሥቲቱ የአገሩን ቀጥቃጮች ሁሉ ወደ አደባባይ አስጠራች። ቀጥቃጭ በሳብራት የሚፈራም የሚናቅም ወገን ነው፤ ማረሻውን ይፈልጉታል፣ ዓይኑን ይሸሹታል። ከዙፋን ፊት ቀርበው ስለማያውቁ ከግንቡ ጥግ ተጠጋግተው ቆሙ።

«ወደ አባ ሙርዜ ሄዶ ምሥጢሩን የሚያመጣልኝ ከእናንተ መካከል ማን ነው?» አለች ንግሥቲቱ።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ከሁሉ አንጋፋ የነበረው አያ ድንበሩ እጅ ነሥቶ ተናገረ። «ግርማዊት ሆይ፣ በእኛ ሙያ አባት የሚያውቀውን ለአንድ ልጁ ብቻ ያወርሳል፤ እሱንም አስምሎ። ከሰው ደጅ ሄዶ ‹ምሥጢርህን ስጠኝ› ማለት ‹ሚስትህን ስጠኝ› እንደ ማለት ነው።»

«እኔ እሄዳለሁ» የሚል የሴት ድምፅ ከኋላ መጣ።

ስሂን ትባላለች። ማጭድ ሠሪ የነበረው አባቷ ሲሞት ወናፉንና መዶሻውን ወርሳ የምትሠራ ወጣት ናት። ሰው ገለል እያለላት ወደ ፊት ወጣች።

«የአባቴ ማጭድ ከመከር እስከ መከር ሳይሞረድ ያጭድ ነበር» አለች። «እንዴት እንደሚሠራው ስጠይቀው ‹ስታገቢ እነግርሻለሁ› ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሲያስለው ዋለና ሞተ፤ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ ደጅ መጥናት አያሳፍረኝም። ይላኩኝ።»

ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ወርዳ የጎራዴውን ስባሪ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት። አብሯት እንዲሄድም የዘበኞቹን አለቃ አንዳርጌን አዘዘች።

አንዳርጌ ብዙ ጦርነት ያየ ጎልማሳ ነበር። ትእዛዙን በደስታ አልተቀበለም። በመንገዳቸው ሁሉ ከእርሷ ፈንጠር ብሎ ይሄዳል፣ ስንቁን ለብቻው ይፈታል፣ ስታየው ፊቱን ያዞራል። እርሷም ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምታውቀው ዝም ብላ ትከተለው ነበር።

የአመዱን ሜዳ ሲያቋርጡ መሬቱ ከፊታቸው አበጠና አንድ ሐሩም ከውስጡ ተነሣ። አንዳርጌ «ከኋላዬ!» ብሎ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ ደረቱን መታው፤ መታውና እንደ እንቁላል ቅርፊት ተንኮታኮተ። አውሬው በአንድ ምት ጣለው፤ ጋሻውም በላዩ ላይ መንደድ ጀመረ። ስሂን ጨርቁን ፈትታ የጎራዴውን ስባሪ በባዶ እጇ ጨበጠች፤ ደሟ በጣቶቿ መካከል እየፈሰሰ ሮጣ ከአውሬው ጎን ሰካችው። ሐሩሙ ጮኸ፤ ከዚያም እንዳለ ወደ አመድ ተናደ። ስባሪውም አብሮ ቀለጠ።

አንዳርጌ ከወገቡ መቀነት ቀዶ እጇን አሰረላት። ማታ ስንቃቸውን ሲፈቱ ግን የራሱን እንጀራ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ከእርሷ መሶብ አጠገብ ተቀመጠ።

«አጉርሺኝ» አላት፤ ድምፁ እንደ መቆጣት ያለ ነበር።

አጎረሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ አለችው።

አባ ሙርዜን ያገኙት ከጎጆው ደጃፍ፣ ከልጁ መቃብር አጠገብ ተቀምጦ ነው። ጢሙ የነጣ፣ ክንዱ ግን እንደ ወይራ ግንድ የጠነከረ ሽማግሌ ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«የቤታችንን መሐላ ስለማታውቂ ነው የመጣሽው» አላት። «እሳቱ ዕውቀቱን ሲሰጠን ለአንድ ጆሮ ብቻ ልንነግረው አስምሎን ነው። ለሁለተኛ ጆሮ የነገረ ሰው፣ የነገረውን ያጣል። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሙያው ከእጁ ይወጣል። እኔ የእኔን አንድ ጆሮ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤» ወደ መቃብሩ አመለከተ። «እዚያ ተኝቷል። እጄ የቀረኝ ሀብት ነው፣ ልጄ። አትንጠቂኝ።»

ስሂን የምትለምነው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ገብቷታል። «እውነትዎን ነው፣ አባ» ብላ ልትነሣ ስትል አንዳርጌ የራሱን ጎራዴ ከወገቡ ፈታ። መሬት ላይ አስቀምጦም ተንበረከከ። በሕይወቱ ለቀጥቃጭ ተንበርክኮ አያውቅም።

«አባቴ፣ እኔ የእናንተን ወገን ስንቅ እንኳ የማልነካ ሰው ነበርኩ» አለ። «ዛሬ ግን ይህችን ልጅ አይቻለሁ። በአንጋር ልጆች አሉኝ። አውሬዎቹ ሲመጡ በእጄ የምይዘው የለኝም።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ መቃብሩን ተመለከተ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጎጆው ገባና እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ማይ» አላት። «ያልማለ እጅ ይህን ብረት አይገዛውም።»

ስሂን መዳፏን ከፍሙ በላይ ዘርግታ ማለች።

«እንግዲህ ልብ ብለሽ ስሚ፤ ደግሜ ልነግርሽ አልችልም።»

በመጀመሪያ ብረቱን እያጠፉና እያነባበሩ መቀጥቀጥን አሳያት። መዶሻው በእጁ ላይ ይዘፍን ነበር። አሳይቷት ሲጨርስ መዶሻውን እንደገና አነሣና በወፍራሙ ጫፍ በኩል ጨብጦ ግራ ገብቶት ቆመ። ስሂን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አሁን አታልቅሺ፤ እንባ ዓይን ይጋርዳል፣ አንቺ ደግሞ የእሳቱን ቀለም ማየት አለብሽ» አላት። ቀጥሎም የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ሳይሆን የኑግ ዘይት ውስጥ መንከርን አስተማራት። ብረቱ ጭስ ተፍቶ ጠነከረ። «ሁሉም ቀጥቃጭ እዚህ ላይ ያቆማል። ብረቱ ጠንክሯልና አለቀ ይላል። ግን የጠነከረ ብቻ የሆነ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ ወደ እሳቱ ትመልሺዋለሽ፤ ለስላሳ እሳት፣ በአሸዋ ላይ። መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ይሆናል። ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። ሰማያዊው ሲመጣ... ሰማያዊው ሲመጣ...»

ሽማግሌው ከአሸዋው ላይ ያለውን ስለት እንደ ባዳ ነገር ተመለከተው።

ሰማያዊው ሲመጣ ስሂን ራሷ ብረቱን ከእሳቱ አወጣችው።

ሲሰነባበቱ ጉልበቱን ስማ «አብረውን ይምጡ» ብላ ለመነችው። ሽማግሌው ፈገግ አለ። «ልጄን አስታውሰዋለሁ፤ እሱን እሳቱ አልወሰደብኝም። እዚሁ እሆናለሁ።»

አንጋር ሲደርሱ የሰሜኑ ሰማይ በአመድ ጠቁሮ ነበር። ንግሥቲቱ ስሂንን አቅፋ ተቀበለቻትና «በይ እቶንሽን አንድጂ፤ ጎራዴ ሥሪልኝ» አለቻት።

«ግርማዊት ሆይ» አለች ስሂን፣ «እኔ ብቻዬን ብሠራ አውሬዎቹ ሲደርሱ አንድ ጎራዴ ይኖርዎታል። አንድ ጎራዴ በር አይዘጋም። ቀጥቃጮቹን ሁሉ ይጥሩልኝ፤ ሁሉንም አስተምራለሁ።»

አንዳርጌ ይህን ሲሰማ ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት። «ሽማግሌው የሆነውን አይተሻል።»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። እሱ እንኳ ዕድሜውን ሠርቶበታል።»

«ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬ ሙያዬን ይዤ ልኑር? ለማን ልሠራበት?»

አንዳርጌ ግንባሯን ሳማት። «ምን ያህል ጊዜ ይበቃሻል?»

«የምትችለውን ያህል ስጠኝ።»

«ጦር ይሰበራል፤ ድንጋይ ግን በተራራው ላይ ሞልቷል» አለ። ሰዎቹን ይዞም ወደ ሰሜኑ የገደል መተላለፊያ ወጣ።

በዚያው ቀን በአንጋር አደባባይ፣ በፀሐይ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ ብዙ እቶኖች ነደዱ። የቀጥቃጭ ሥራ በተዘጋ በር ኋላ ብቻ ይሠራ ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር በሳብራት ታይቶ አይታወቅም። አያ ድንበሩ ግን ወናፉን ሳይነካ ቆሞ ቀረ።

«ሳንምል እንዴት ይሆናል? ብረቱ ያልማለ እጅ አይቀበልም ተብሏል» አለ።

«እኔ ምያለሁ፤ ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ» አለች ስሂን። «በእናንተ ላይ መሐላ አልጭንም። ብረቱ ካልተቀበለን ሁላችንም አብረን እናያለን። ብርቄ፣ ነዪ።»

ብርቄ የአያ ድንበሩ ልጅ ናት፤ ሴት በመሆኗ አባቷ ሙያውን ያላወረሳት። ስሂን እጇን ይዛ አጠገቧ አቆመቻትና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማስተማር ጀመረች። ስለ ማነባበሩ ተናግራ ስትጨርስ ክንዷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ውሃ ፈስሶ ሲወጣ ተሰማት። ስለ ዘይቱ ተናገረች፤ ያም ሄደ። ከመጨረሻው በፊት ቆም አለች። የአባቷን መዶሻ ክብደት በእጇ ለመጨረሻ ጊዜ አወቀችው፤ ሚዛኑ የት እንዳለ፣ የት ላይ ሲይዙት እንደሚቀል። ከዚያ የአራቱን ቀለም ነገር አንድም ሳታስቀር፣ ቀስ ብላ፣ እስከ ሰማያዊው ድረስ ነገረቻቸው።

ብርቄ የመጀመሪያውን ጎራዴ ከአሸዋው አውጥታ በሙሉ ኃይሏ ከድንጋይ ጋር አላተመችው። ጎራዴው ጎበጠ፤ ወዲያው ተመልሶ ቀና፤ ጮኸም። አያ ድንበሩ መሐላው ለአባቶቻቸው አንዳች ሰጥቷቸው እንደማያውቅ፣ ሲወስድባቸው ብቻ እንደኖረ ገባው። ቀርቦም የልጁን ወናፍ ይነፋ ጀመር።

የሰማያዊ ብረት ጎራዴ የያዙ ሰዎች ወደ መተላለፊያው ሲወጡ ከአንዳርጌ ሰዎች በሕይወት የተረፉት ጥቂት ነበሩ። ድንጋይ እያንከባለሉ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ በእጃቸው እየገፉ ይዘውት ቆይተዋል። ያን ቀን ሐሩማት ረገፉ፤ ነፋስ አመዳቸውን ወደ ገደሉ በተነው። አንዳርጌን ከመተላለፊያው ጫፍ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን እንዳዞረ፣ ከአመድ ሥር አገኙት። ቀጥቃጮች ሬሳውን ተሸከሙት፤ የአንዳርጌ ልጆችም ይህን ለሌላ ለማንም አልፈቀዱም።

ንግሥቲቱ በሐዘኑ መካከል ቆማ አዋጅ አስነገረች። «ከዛሬ ጀምሮ በሳብራት ምድር ማንም ቀጥቃጭ ሙያውን በመሐላ አይቆልፍ፤ ማንም ሰው ቀጥቃጭን ከማዕዱ አያግልል።» ለስሂን ደግሞ ከግንቡ ውስጥ ቤትና ሹመት ሰጠቻት። ስሂን አመስግና እምቢ አለች።

ሐዘኑ ከተነሣ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ወደ ብርቄ ቤት መጣች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ በውስጡ ወንዱም ሴቱም ይቀጠቅጣል። ስሂን እሳቱን አየችው። ደማቅ መሆኑን፣ ትኩስ መሆኑን አወቀች፤ ቀለሙ ግን ምንም አልነገራትም። እጆቿን አየቻቸው። በመዳፏ ላይ ያለው የስለት ጠባሳ ከአመዱ ሜዳ የተረፈ መሆኑን ታስታውሳለች፤ ጠንካራዎቹን የመዳፏን ጉብታዎች ምን እንዳወጣቸው ግን እጇ ረስቶታል።

ብርቄ ስታያት ሥራዋን አቁማ ሮጣ ከእግሯ ሥር ወደቀች። «እመቤቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«እመቤቴ አትበዪኝ፤ ተነሺ።» ስሂን ነጠላዋን አውልቃ ከግድግዳው ላይ ሰቀለችና የቆዳውን ሽርጥ አነሣች። «ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ካላስቸገርኩሽ፣ አስተምሪኝ።»

«ይመለስልዎ ይሆን?» አለች ብርቄ በሹክሹክታ።

«አላውቅም። ዛሬ የያዝኩትን ነገ እረሳው ይሆናል። ያኔ ነገ ደግሞ ታሳዪኛለሽ።»

ብርቄ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ከስሂን ኋላ ቆማ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመዶሻው እጀታ ላይ አስቀመጠችላት፤ ትንሽ ወደ ታች፣ ክብደቱ ወደሚቀልበት።

«እንዲህ ነው» አለቻት። «አሁን ይምቱ።»

ስሂን መታች። ምቱ ጠማማ ነበር። በቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መዶሻቸውን አቁመው እስክትደግመው ድረስ ጠበቋት።