ታላቅ ሳይቀምስ

«ይቅርታ እትዬ፣ አዋቂ አንቀበልም። የክብደት መቀነሻ ካምፑ ለልጆች ነው።»

የበሩ ጥበቃ ነው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ እንዲህ ያለኝ።

«እኔ አይደለሁም የምገባው፤ ልጅቷ ናት» አልኩት። ጎረቤቴ ፔክ ኢንግ ከኋላዬ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅኩ። ወገቤን የሰወርኩት እኔው ነኝ፣ ማንን እቆጣለሁ?

የዚያን ቀን የሳቅነው እዚያ በር ላይ ብቻ ነው...

ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፍላችሁ። እዚያው ነበርኩ። ሰዓቱ ቀትር፣ ፀሐይ አናት ላይ። ቦታው ማሌዥያ ውስጥ፣ ከታይፒንግ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ፣ ድሮ አዳሪ ትምህርት ቤት የነበረ ግቢ።

የፔክ ኢንግ ልጅ ሁዪ ሺን አሥር ዓመቷ ነው። ሰው ጉንጯን ሳይቆነጥጥ አያልፋትም። ክፍል ውስጥ ግን «ፊኛ» እያሉ ሲያስለቅሷት እናቷ ለእረፍቱ የክብደት መቀነሻ ካምፕ ልታስገባት ቆረጠች።

ያየነው ሌላ ካምፕ ሾርባ ብቻ ያጠጣል። አንዱ ደግሞ ልጆቹን እስኪያስመልሳቸው ያስሮጣል። ይሄኛው ግን «እንደ ልባቸው ይበላሉ፤ ይከሳሉም» አለ።

እናት ይህን ሰምታ እንዴት ትተወው?

«ሰባተኛው ወር ይለፍ» ብያት ነበር። በእኛ በቻይናውያን አቆጣጠር የተራቡ ሙታን ተለቀው የሚዞሩበት፣ እኛም ምግብ መንገድ ዳር የምናስቀምጥላቸው ወር ነው።

«እትዬ ሶ ሁን፣ ያ ምግብ መጠበቅ ያለበት ከሙታን ሳይሆን ከአንቺ ነው» ብላ ቀለደችብኝ።

ኃላፊው ሚስተር ኦንግ ትሁት ሰው ነው። ቀጥታ ወደ ምግብ አዳራሹ ወሰደን።

አዳራሹ በልጆች ሞልቷል... ድምፅ ግን የለም።

የሕፃናት ምሳ ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በእያንዳንዱ ልጅ ጎን አንድ ባዶ ወንበር አለ። በባዶው ወንበር ፊት ሩዝ የሞላ ሳህን። ሩዙ ላይ የመመገቢያ እንጨቶቹ ቀጥ ብለው ተተክለዋል።

እኛ ዘንድ እንጨት እንደዚያ የሚተከለው ለሞተ ሰው ነው።

«ልጆቹ ሲጫወቱ ነው?» አልኩ።

«ሥርዓት ነው» አለ ሚስተር ኦንግ ፈገግ ብሎ። «ታላቅ ሳይቀምስ ልጅ አይበላም።»

እግሬ ዝሎ ስለነበር ቦርሳዬን አንዱ ባዶ ወንበር ላይ ጣል አደረግኩ።

ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ።

አጠገቤ ያለችው ልጅ፣ የአንገቷ አጥንት የሚቆጠር፣ ቀና ሳትል አንሾካሾከች።

«አክስት... ቦርሳሽን አንሺ።»

«ለምን የኔ ልጅ?»

«ጭናቸው ላይ ነው ያስቀመጥሽው።»

አነሳሁት። የቦርሳው ታች ሞቆ ነበር...

ዞር ስል ሁዪ ሺን ምሳ ቀርቦላት ተቀምጣለች። በዝንጅብል የተሠራ ዶሮ ነው። እናቷ ለኃላፊው የልጇን ጨዋነት ልታሳይ ፈልጋ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ታላቅ አትጋብዢም?»

እኛን ማለቷ ነበር። በእኛ ቤት ልጅ ማንኪያ ሳያነሳ በፊት ታላቆቹን አንድ በአንድ «ይብሉ» ይላል።

ልጅቷ ግን ወደ እኛ አልዞረችም። በጎኗ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞረች።

«ይብሉ» አለች።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

ከሳህኗ አንድ ቁራሽ ዶሮ አንስቼ ቀመስኩ። ጨው የለም። ዝንጅብል የለም። ወረቀት እንደማኘክ ነው። መንገድ ዳር ያደረ የሙታን ምግብ ቀምሶ የሚያውቅ ሰው ያንን ጣዕም አይስተውም።

ከእኛ በፊት የበላ ነበር።

«ፔክ ኢንግ፣ እንሂድ።»

«እትዬ፣ ገና...»

«ልጅሽን ያዢና ተነሺ ነው የምልሽ።»

ፊቴን አይታ ተነሳች። ሚስተር ኦንግ አልከለከለንም። እንዲያውም በሩን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ያለው ግን እኛ ካለፍን በኋላ ነው።

መኪና ውስጥ ሁዪ ሺን የኋላውን ወንበር ለብቻዋ ይዛ ሳለ በሩ ጥግ ተጣበቀች።

«ጠጋ በይ እንጂ፣ ሰፊ ነው» አልኳት።

በጎኗ ያለውን የባዶውን ቦታ ቀበቶ ስባ አሰረች።

እንግዲህ እኛ ያንን ካምፕ አልመረጥነውም። ስሟንም አላስመዘገብንም። ጨርሰን የመጣን መስሎን ነበር።

ልጅቷ ግን መክሳት ጀመረች። ሳህኗን ጠርጋ ትበላለች፣ ትደግማለች... ትከሳለች። ሐኪሙ ደሟን አይቶ ምንም የለም አለ። አሁን ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አይቆምም። ፔክ ኢንግ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፤ በግድግዳው ይሰማኛል።

ትናንት ምሳ የአሳ ወጥ ሠርቼ ሄድኩ። ሁዪ ሺን እጇን ታጥባ ተቀመጠች።

«እማዬ ብዪ» አለች። «አክስት ብዪ።»

ከዚያ በጎኗ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞረች። «ይብሉ።»

እናቷ ጭልፋውን ይዛ ቀረች። እኔ ቆጣ አልኩ፤ የሆነ ሰው መቆጣት ነበረበት። ወደ ወንበሩ ዞሬ፣ «በቃ፣ ልጅቷን ይተዉአት፣ ይሂዱልን» አልኩ።

ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ወንበሩ አዘነበለ።

ሁዪ ሺን በቀጭን እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«አክስት፣ አሁን አታናግሪያቸው» አለችኝ። «አፋቸው ሙሉ ነው።»