የባለቆቡ ኮፈን

ጋሽ ሀብተወልድ ሐሙስ ጠዋት ሞቱ። ረፋዱ ላይ ሐረር ሁሉ ገዳያቸውን አውቆ ጨርሷል። ያላወቀችው ዋና ሳጅን ለተማርያም ብቻ ነበረች፤ እሷም ብትሆን ደመወዝ የሚከፈላት ቶሎ እንዳታውቅ ነው።

ከሸዋ በር ወደ ድሬ ጠያራ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ፣ አሮጌው የጭነት መኪና አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ደፍቶ ቆሟል። ሰዉ «ባለቆቡ» ነው የሚለው፤ ከኮፈኑ ፊት፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ተደፍቶ በትንሽ ሰንሰለት ታስሯል። ጌጥ ነው የሚል አለ፤ ለቡዳ ነው የሚልም አለ። ዛሬ ግን ቆቡን ያየ የለም። ኮፈኑ በሩጫ ላይ ተከፍቶ፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ የፊት መስታወቱን እንደ መዳፍ ሸፍኖታል። ሽማግሌው መንገዱን ሳያዩ ሞቱ። አስከሬናቸው ላይ አንድ መንገደኛ ነጠላውን ጥሎበታል።

«ያ መካኒክ ነው!» ይጮሃል ሕዝቡ። «ትናንት ‹ይህ መኪና ይገድልዎታል› ሲላቸው በጆሯችን ሰምተናል!»

ኮንስታብል ዘላለም ላቡን እየጠረገ መጣ። «ሳጅን፣ ጉዳዩ አልቋል። መካኒኩን ቢላልን እኛ ይዘነዋል። ጋራዡን ደግሞ ሕዝቡ በድንጋይ ይዞታል።»

ለተማርያም ጉልበቷን እያማረረች ቦዩ ውስጥ ወረደች። የባለቆቡ ኮፈን መቀርቀሪያው ከተሰበረ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚያዘው ከጎማ ውስጥ ከሚገባው ከመነዳሪ የተቀደደ ወፍራም ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ትናንት በቢላል እጅ የተቀየረ፣ አዲስ ነው። ከመንጠቆው የቀረውን ቁራጭ ገልብጣ አየችው። ግማሹ ተበጥሷል፤ ከሥር በኩል ያለው ግማሽ ግን እንደ ቅቤ ልስልስ ብሎ ተቆርጧል። በምላጭ። ቆሞ ላየው ሰው ደህና ይመስላል፤ ቁልቁለት ላይ ንፋስ ሲገፋው ግን ይበጠሳል።

ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር፣ በመሐረብ የተጠቀለለ የመኪና መብራት ስባሪ አገኘች። የባለቆቡ መብራቶች ሁለቱም ደህና ናቸው። ስባሪውን ኪሷ ከተተች። ስትወጣ ሰማያዊውን ኩባያ አነሳ አደረገችና ከሥሩ አየች፤ ውስጡ እንደ አሮጌ ጀበና ነጭ ነጭ ለብሷል። መልሳ ደፋችው።

«ምን አገኙ?» አለ ዘላለም።

«ቆብ።»

የሟች ቤት ድንኳን እየተተከለ ነበር። የሟች ሚስት ወይዘሮ ልደት ለተማርያምን ሲያዩ እንደ ነብር ተነሡ።

«ያንን ልጅ አሥር ዓመት በእጄ አጉርሼዋለሁ! አስረሽ ልታበይው ነው? ለሕዝቡ ስጪው!»

«እሰጣለሁ፣ እትዬ፤ ማንን እንደምሰጥ ልወቅ እንጂ። ማታ መኪናው የት አደረ?»

«የት ያድራል? እዚሁ ግቢ። በሩ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው እኔና እንደሻው ጋ ነው። ምን ልትዪ ነው?»

«ምንም። ጋሽ ሀብተወልድ ዛሬ ድሬ ጠያራ ምን ጉዳይ ነበራቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ‹ሽማግሌዎቹ ጋ እሄዳለሁ፤ እስከ ሐሙስ ብዬው ነበር፣ ሐሙስ ደረሰ› ብሎኝ ወጣ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም።»

እንደሻው የወይዘሮ ልደት የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ ቤት ካረፈ ሁለት ዓመቱ። ጫማው የሐረር አቧራ ነክቶት አያውቅም። ግቢው ውስጥ የቆመችው ነጭ የቤት መኪናውም እንደሱ ጽዱ ናት፤ ሁለቱ የፊት መብራቶቿ ግን አይመሳሰሉም። አንዱ የወጣት ዓይን ይመስል ያበራል፤ ሌላው ሞራ የለበሰ የሽማግሌ ዓይን ነው።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለ እንደሻው። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሸዋ በር ነበርኩ። ቢላል ጆግ ይዞ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ጨመረ፣ መልሶ ዘጋው። ያኔ ምን እንዳደረገበት ደግሞ አንቺ ድረሺበት።»

«ኮፈኑን ሲከፍት በዓይንህ አየህ?»

«በጆሮዬ ላየው ነው እንዴ? በዓይኔ!»

«እንግዲያውስ ጻፍልኝና ፈርምበት።»

ፊርማው ቆንጆ ነበር። ለተማርያምም አመስግናው ወጣች።

ሸዋ በር፣ ባለቆቡ ጠዋት ጠዋት በሚቆምበት ቦታ ፊት ለፊት፣ ሐሊማ ስኳር ድንች ደርድራ ተቀምጣለች።

«ጆጉን ቢላል የወሰደው ከኔ ነው» አለች። «ይቅር በሉኝ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ፣ ውሃ ጨመረላቸው፣ ጆጌን መለሰ። ኮፈን ግን አልተከፈተም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቢከፈት ጥላው ድንቼ ላይ ያርፋል። ዛሬ ድንቼ ፀሐይ ሲመታው ነው ያረፈደው።»

«ታዲያ ለሕዝቡ ለምን አልተናገርሽም?»

«አቦ ሳጅን! ድንጋይ የያዘ ሰው ጆሮ አለው እንዴ?»

ጣቢያው ውስጥ ቢላል ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ጠዋት ውሃ ጨምረሃል?» አለችው።

«ጨምሬያለሁ።»

ዘላለም ጠረጴዛውን ደበደበ። «አመነ!»

«ኮፈኑን ግን አልነካሁም፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ውሃውን በዱዓ ነው ያስገባኸው?»

«ተወኝ አቦ! መኪናው እኮ—»

«ዝም በል» አለች ለተማርያም። «የጀመርከውን እስከ ቅዳሜ እንዳትጨርሰው። ለማንም።»

ቢላል ዓይኑ ቀላ። «ቅዳሜ ላንቺ ቅርብ ነው። ልጆቼ ‹የገዳይ ልጆች› እየተባሉ ጎረቤት ጓዳ ተደብቀዋል። ለትልቋ ዳቦ የሚሸጥላት ጠፍቷል። በሰላም ብፈታ እንኳ በዚህ ስም የትኛው መኪና ደጄ ይቆማል?»

«ለዚህ ነው ቅዳሜን የመረጥኩት» አለች። «ሐረር ድንኳን ውስጥ የሰማውን ነው የሚያምነው።»

ቅዳሜ ሣልስት ነው። ድንኳኑ ሞልቶ ሰዉ መንገድ ላይ ፈሷል። ለተማርያም ባለቆቡን አስጎትታ በሩ ላይ አቁማዋለች፤ ኮፈኑ በገመድ ታስሯል። ካቴና የገባለት ቢላል ከፖሊስ መኪና ሲወርድ ዱላ ያልያዘም ዱላ ፈለገ።

«ለቅሶ ቤት ነፍሰ ገዳይ ታመጣለች!» ጮኸ አንዱ።

«አላመጣሁም፤ እዚሁ ነው ያገኘሁት» አለች። ወደ እንደሻው ዞረች፤ ጆግ ሙሉ ውሃ ሰጠችው። «ቢላል ሲያደርግ ያየኸውን እስቲ ለሕዝቡ አሳይልን። ውሃ ጨምርበት።»

«እኔ የሱ ሎሌ ነኝ?»

«አሳያቸው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ልደት። «አሳያቸውና ይለይለት።»

እንደሻው ገመዱን ፈታ፣ ኮፈኑን አንሥቶ ደገፈ፣ ጆጉን ይዞ ጎነበሰ። ወደ ግራ አየ። ወደ ቀኝ አየ። ሞተሩን አለፈ፣ ራዲያተሩን በመዳፉ ዳበሰ፤ ክዳን የለውም። ጆጉ አዘነበለና ውሃው ንጹሕ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ከሕዝቡ መሐል ወይዘሮ ልደት ሳያስቡት ተናገሩ።

«እንደሻው... ከቆቡ ሥር ነው እኮ።»

ለተማርያም ሰማያዊውን ኩባያ አነሣች። ከሥሩ የነሐስ ክዳን ብቅ አለ።

«የዚህ መኪና የውሃ አፍ ከኮፈኑ ውጭ ነው» አለች። «ጋሽ ሀብተወልድ ክዳኑ እንዳይሰረቅ ኩባያ ደፉበት፤ ውሃ የሞላለት ሰው ያውቀዋል፣ ያልሞላለት ጌጥ ይለዋል። ኩባያው ውስጥ ያለው ነጭ ነገር የፈላ ውሃ ትፋት ነው። ስለዚህ ቢላል ውሃ ጨመረ፤ ኮፈን አልነካም። ሁለቱም እውነት ነው። ሐሊማም አይታለች። ኮፈኑ ሲከፈት ‹በዓይኔ አየሁ› ብሎ የፈረመ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያልተደረገ ነገር ነው ያየው።»

«ዋሽቼ ሊሆን ይችላል!» አለ እንደሻው። «ውሸት ሰው ይገድላል?»

«ምላጭ ይገድላል። ላስቲኩ ከሥሩ ተቆርጧል። ጋሽ ሀብተወልድ ረቡዕ ማታ መኪናውን ሲረከቡ ላስቲኩን በእጃቸው ገልብጠው ፈትሸዋል፤ እትዬ ልደት፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ‹አሁንስ በሬ ያስራል› ብሎ ሳቀ» አሉ ሴትየዋ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ሸዋ በር ላይ ካልተነካ፣ የተቆረጠው የተቆለፈ ግቢ ውስጥ ነው። ቁልፍ ያላችሁ ሁለት ናችሁ።» ከኪሷ መሐረቡን አወጣች። «ከሦስት ሳምንት በፊት ረሂማ የምትባል ሴት ድሬ ጠያራ መንገድ ላይ ተገጭታ ሞተች፤ የገጫት አመለጠ። ከመንገዱ የለቀምኩት የመብራት ስብርባሪ መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ቁራጭ ጎድሎት ተቀምጧል። የጎደለው ይኸው። ትናንት ገጣጠምኩት፤ የነጯ መኪና መብራት ልክ ነው። ሽማግሌው ከግቢያቸው አንሥተው፣ ‹እስከ ሐሙስ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ ለሽማግሌዎቿ እኔ እወስደዋለሁ› አሉህ። ሐሙስ ደረሰ። አንተ ደግሞ ረቡዕ ሌሊት ኮፈኑን አሰናዳህላቸው።»

እንደሻው ጆጉን መሬት ወረወረው። «ለማያውቃት የገበሬ ሴት ብሎ የሚስቱን ወገን ሊያሳስር! እሱ ነው የጀመረው!»

ድንኳኑ ሊውጠው ተነሣ። ለተማርያም ፊቱ ቆመች። «ተቀመጡ! ሐሙስም እንዲህ ነበር የተነሣችሁት!» ሰዉ አፍሮ ተቀመጠ። ዘላለም ካቴናውን ከቢላል እጅ ፈትቶ እንደሻው እጅ ላይ አጠለቀው፤ ጣቢያው ውስጥ ያለው ካቴና አንድ ብቻ ነበርና።

ወይዘሮ ልደት ወደ ቢላል ሄዱ፤ ጉልበቱን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ያዛቸው። ድምፁ ግን አልራራም።

«እትዬ፣ የሰደቡኝ ጮክ ብለው ነው።»

ሴትየዋ ወደ ድንኳኑ ዞሩ። ሦስት ቀን ለሙሾ ያዋሉትን ድምፅ አወጡት። «ሐረር ስሚ! ቢላል ንጹሕ ነው! ቆሻሻው ከቤቴ ነው የወጣው! ልጆቹን የሰደበ እኔን ይስደብ!»

ከዚያ የወደቀውን ጆግ አነሡ። ሥሩ ላይ ትንሽ ውሃ ቀርቷል። የነሐሱን ክዳን ፈትተው ባላቸው በሕይወት ሳሉ ያደርጉት እንደነበረው ቀስ ብለው አንቆረቆሩት። ውሃው ገባ፤ ወዲያው ከሥር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ቢላል የማንንም ፊት አላየም። ከልማዱ አፈሩ ላይ ተንበርክኮ የሚያፈስበትን ቀዳዳ ፈለገ።