ወፍራሙ ታብሌት

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ቀጮ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቀጭን ስለሆነች ቤተሰቡ ሁሉ ቀጮ ይላታል። ቤታቸው ከእናቷ ፀጉር ቤት በላይ ነው። ከታች የፀጉር ማድረቂያው ሲጮኽ ከላይ ወለሉ ይነዝራል።

አያቷም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ዓይናቸው ደክሟል። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሲገልጡ ፊደሉ ጉንዳን ሆኖ ይተራመስባቸዋል።

አንድ ቀን እናቷ አዲስ ታብሌት ይዛ መጣች።

"ለሁለታችሁ ነው" አለች። "ቀጮ ትምህርት ቤት ስትሆን የአባባ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቀጮ።"

ቀጮ ታብሌቱን አቅፋ ሳመችው። እናቷ መጽሐፍ ቅዱስ ጫነችበትና ፊደሉን አተለቀችው።

"እሰይ!" አሉ አያቷ። "ፊደሉ የአውቶቡሴን ታፔላ ያክላል እኮ! ይኼንንማ እንኳን እኔ ግድግዳውም ያነበዋል!"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያ ሳቅ ግን ብዙ አልቆየም።

የጎረቤታቸው የፋርማሲስቷ ልጅ የቀጮ ጓደኛ ናት፤ ድንቡሼ ይሏታል። ለእሷም አዲስ ታብሌት ተገዛላት። ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማወዳደር ጀመሩ። የድንቡሼ ብርማ ነው፤ እንደ ደብተር ስስ። የቀጮ ጥቁርና ወፍራም ነው።

"ለቀጭኗ ወፍራም፣ ለወፍራሟ ቀጭን ደረሰን!" ብላ ድንቡሼ ሳቀች። ቀጮ አልሳቀችም።

አንድ ዓይነት ጨዋታ ከፈቱ። የድንቡሼ ወዲያው ገባ። በቀጮ ታብሌት ላይ ግን አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አሁንም ትዞራለች። ፎቶ ተነሡ። በድንቡሼ ታብሌት የቅንድባቸው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። በቀጮ ታብሌት ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ።

"የአንቺም እኮ ጥሩ ነው" አለች ድንቡሼ። "ድምፁ ከእኔ ይበልጣል። ባትሪውም ቶሎ አያልቅም።"

"ድምፅ ምን ያደርግልኛል?"

"የእኔም የድሮው እንደዚሁ ነበር። እሱ ሲሰበር ነው ይኼ የተገዛልኝ።"

ድንቡሼ ይህን ያለችው በክፋት አይደለም። ቀጮ ግን ቃሉን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ዋለች።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም። ታብሌቱን ለቀቀችው። እየተንከባለለ ወረደ፤ ግን ጠርዙ ብቻ ተሸረፈ። ስክሪኑ አሁንም ይበራል። ምነው ልጆቼ፣ እዚህ ላይ በተወችው! እግዚአብሔር የመመለሻ ፋታ ሰጥቷት ነበር። እሷ ግን ወርዳ አነሣችው፤ ተመልሳ ወጣች፤ ከፍ አድርጋ ጣለችው።

"እማዬ! ከእጄ አመለጠኝ!"

እናቷ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። አያቷም ግድግዳውን እየዳበሱ ደረሱ።

"ልጄ፣ እግርሽን መታሽ እንዴ? ተጎዳሽ?" አሉ። ስለ ታብሌቱ አንድም ቃል አልጠየቁም።

ታብሌቱን ጥገና ቤት ወሰዱት። ጠጋኙ ገልብጦ አየውና ራሱን ነቀነቀ። "ስክሪኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ውስጡም ሞቷል" አለ።

"ሌላ ይገዛልኛል?" አለች ቀጮ ቀስ ብላ።

"ሌላ ከየት ይመጣል፣ የኔ ልጅ? ይኼም የተገኘው በስንት መከራ ነው" አለች እናቷ።

ከዚያ በኋላ አያቷ መስኮቱ ሥር ዝም ብለው መዋል ጀመሩ። እጃቸው በልማድ ታብሌቱ ይቀመጥባት የነበረችውን ትንሿን ጠረጴዛ ይዳብሳል። ባዶ ሲሆንባቸው መልሰው ይሰበስቡታል። ሳምንታት አለፉ። ቀጮ እውነቱን ለማንም አልነገረችም።

"የዮሴፍን ታሪክ እያነበብኩ ነበር" አሉ አንድ ቀን፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "ምስኪኑን ልጅ እስር ቤት ጥዬው ቀረሁ።"

ቀጮ ይህን ስትሰማ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

"አባባ፣ አላመለጠኝም። ጣልኩት። መጀመሪያ አልሰበር ሲል ደግሜ ጣልኩት።"

"ለምን፣ ልጄ?"

"የድንቡሼ ስለሚበልጥ... ሌላ እንዲገዛልኝ ብዬ።"

አያቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ቀጮ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ እንባው ከቁጣ ይልቅ አቃጠላት።

"አሳዝነሽኛል" አሉ በመጨረሻ። "አልዋሽሽም፣ በጣም አሳዝነሽኛል። ግን ይቅር ብዬሻለሁ። ለእናትሽም ራስሽ ንገሪያት።"

ነገረቻት። እናቷ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ እቅፍ አደረገቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጮ የድሮውን መጽሐፍ ቅዱስ እየገለጠች ለአያቷ ታነብላቸው ጀመር። ጮክ ብላ፣ ቃሉን እየለየች። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው "ጎሽ! ቀጥዪ" ይሏታል። ዮሴፍ ከእስር ወጣ። በምድሪቱ ላይም ተሾመ። ረሃቡ መጣ። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ወደ እሱ መጡ፤ አላወቁትም።

እዚህ ላይ ሲደርሱ አያቷ በጠና ታመሙ። ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሕፃናት ወደ በሽተኞቹ ክፍል አይገቡም ነበርና ቀጮ መጽሐፉን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ስትወጣ ቀጮ ፊቷን አየች፤ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያጽናና መጣ። "አይዞሽ፣ ስታነቢላቸው ሰንብተሻል" አላት አንዱ። ቀጮ ግን አያቷ መስኮቱ ሥር ባዶ እጃቸውን የተቀመጡባቸውን እነዚያን ሳምንታት እያሰበች ነበር። ያኔ አንብበው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ይጨርሱት ነበር።

ድንቡሼም መጣች። "የእኔን ታብሌት ውሰጂው። አልፈልገውም፣ የእውነቴን ነው" አለቻት።

"እኔም አልፈልገውም" አለች ቀጮ። "አባባን ነው የምፈልገው።"

ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር የተጸጸተን ሁሉ ይቅር ይላል፤ ያለፈች ቀን ግን አትመለስምና በሰው እጅ ያለውን እያያችሁ ለእናንተ የተሰጣችሁን አትናቁ።